አራት እርምጃ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ዓይነ ሜትር ግን የራሱን ጉድ ሳይሰማ አሥራ አንድ ወር ኖረ። መኖር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጉዱን ማዕረግ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ዞረበት።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜው አርባ ሰባት ነው፤ ሠላሳውን ዓመት ያሳለፈው ስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ ነው። ዓይነ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡለት የድሮ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ሰው በሱቁ በር ሲያልፍ አንዴ ቀና ብሎ ካየ የትከሻውን ስፋት፣ የእጅጌውን ቁመት፣ የደበቀውን ቦርጭ ሳይቀር ቁጭ ያደርግላቸው ነበር። ሜትር አንገቱ ላይ አይጠፋም፤ ግን ለወጉ ያህል ነው። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ «ሜትር ያየ ሰው ሆዱን ይስባል» ይሉት ነበር። «ትንፋሹን ውጦ ይለካልህና ልብሱ ደርሶለት ሲተነፍስ ቁልፉ ይፈናጠራል። ሰውን ለካኸው የሚባለው መለካቱን ሳያውቅ ስትለካው ነው።» ዓይነ ሜትር ይህን ትምህርት እንደ ጸሎት ሸምድዶ ያዘው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ኮት ጠበበኝ ወይም ሰፋኝ ተብሎ አልተመለሰበትም።

ወደ ሰው አገር ያስመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። እሷ ቀድማ ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሎችንና አሮጊቶችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታ ቤትና አንዲት ጠባብ ሳሎን። እሱ የሚተኛው ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ ነው፤ እግሩ ስለሚተርፍ ወንበር ይቀጥልበታል። እሱ እሷን እታለም ይላታል፤ እሷ እሱን ወንድምዓለም። ሚስቱና አንዲት ሴት ልጁ ከኋላ ቀርተዋል። የሚመጡበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ዓይነ ሜትር አንድ ዓመት በሙከራ ይሠራል፤ ዓመቱ ሲያልቅ አሠሪው ቋሚ ቅጥር ይፈርምለታል፤ ያንን ወረቀት ይዞ ያመለክታል። ማመልከቻው ግን ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት መግባት አለበት። ከሞላት ራሷን የቻለች ሰው ተብላ ትቆጠራለችና በአባቷ ወረቀት መምጣቱ ይቀራል። የሙከራው ዓመት በሚያልቅበትና ልጅቱ አሥራ ስምንት በምትሞላበት ቀን መካከል የነበረው ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን ነው። እህትና ወንድም እዚያች ሳሎን ውስጥ ይህን ስንቴ ቆጥረውታል።

ሥራ ፍለጋ አምስት ስፌት ቤት ዞረው «ሞልቷል» ተባሉ። አንደኛው በር ላይ «ሰፊ ይፈለጋል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ዓይነ ሜትር «መንቀል ረስተውት ይሆናል» አለ። እታለም እጁን ይዛ ወደሚቀጥለው በር ወሰደችው። ስድስተኛው ቤት ባለቤቱ ግቡ አላቸው።

የወንድ ሙሉ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል ሦስት ረጃጅም መስታወቶችና ደንበኛ የሚወጣባት ከፍ ያለች ክብ መቆሚያ አሉት። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የስፌት መኪናዎቹ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና የካውያው ቦታ ናቸው። ባለሱቁ ሜትር አቀበለውና «እስቲ ለካኝ» አለው። ዓይነ ሜትር ሜትሩን አልተቀበለም። ከቆመበት ሆኖ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አንዴ አየውና እህቱ እየተረጎመችለት ደረቱን፣ ወገቡን፣ የክንዱን ቁመት ዘረዘረ። «ግራ ትከሻዎ ደግሞ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል» ብሎ ጨመረ። «እስከ ዛሬ የሰፉልዎት ሰዎች አላዩትም።» ባለሱቁ እየሳቀ ሱሪ ሰፊውን ጠርቶ በሜትር አስለካ። ሁሉም ልክ ሆነ።

ባለሱቁ ሳቁን አቆመና ትንሽ አሰበ። ከዚያ ነጭ ፕላስተር ቆርጦ፣ መጋረጃው ሥር፣ ከክቧ መቆሚያ አራት እርምጃ ርቆ ወለሉ ላይ በገዛ እጁ ለጠፈ። «አንተ ሜትር አያስፈልግህም» አለው። «ከዚህች መስመር ላይ ቆመህ እያየህ ካርዱ ላይ ትጽፋለህ። ከዚያ ትሰፋለህ። ደንበኛ አጠገብ መድረስ የለብህም።» እታለም ይህን ስትተረጉም ድምጿ ትንሽ ወረደ።

ዓይነ ሜትር ግን የሰማው የሚፈልገውን ነው። ቤት ሳይደርስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ለሚስቱ ደወለ። «ሙያዬን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ» አላት። «ሜትር አታንሳ፣ ደንበኛ አጠገብ ድርሽ አትበል፣ የአንተ ዓይን ይበቃል ተባልኩ። ቦታ ሁሉ ምልክት አድርገው ለይተውልኛል።» ሚስቱ ለሰፈሩ አወራች፤ ልጁ ለክፍል ጓደኞቿ ተናገረች። እታለም አጠገቡ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። «ምነው ዝም አልሽ?» ሲላት «ደክሞኝ ነው» አለችው።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። ደንበኛ ይመጣል፣ መቆሚያዋ ላይ ይወጣል፣ ባለሱቁ ስለ አየሩና ስለ ልጆች ትምህርት ያጫውተዋል። ዓይነ ሜትር ከመስመሩ ላይ ሆኖ ካርዱን ይሞላል። ሱሪ ሰፊው የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ ምሳውን በልቶ እጁን በሱሪው ጠርጎ በሰው ወገብ ላይ ሜትር ሲያዞር ዓይነ ሜትር ያዝንለት ነበር። ምን ያድርግ፣ ዓይን አልተሰጠው፣ ይላል በሆዱ። እሱ የሰፋው ኮት ሲያልቅ ማንጠልጠያው ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል። ቀይ ክር ያለበትን የሱቁ ካውያ ተኳሽ ሁለት ጊዜ በእንፋሎት ይመታዋል፤ በላዩ ላይም ሎሚ ሎሚ የሚሸት ነገር ከጠርሙስ ይረጭበታል። የሱሪ ሰፊው ሥራ ይህ ሁሉ አይደረግለትም። «የእኔ ሥራ ሽቶ ሳይቀባ ከበር አይወጣም» ብሎ ለእህቱ ሲነግራት ቧንቧውን ከፍታ ያጠበችውን ድስት እንደገና አጠበች። ሰው በገዛ ዓይኑ እያየ ሲታወር እንዲህ ነው፤ ያውም ዓይነ ሜትር የተባለ ሰው።

በአሥራ አንደኛው ወር ላይ ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ መጡ። የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ሙሉ ልብስ አዘዋል። ሰማንያን ያለፉ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ንግግራቸው የረጋ ሰው ናቸው። ዓይነ ሜትር ሲያያቸው ሙያ ያስተማሩት ሽማግሌ ትዝ ብለውት ካርዱን ከወትሮው አሳምሮ ጻፈላቸው። በሁለተኛው ቀጠሯቸው ገና ያላለቀውን ኮት ለብሰው መቆሚያዋ ላይ ወጡ። ባለሱቁ ስፒል እየሰካላቸው ሳለ ስልክ ጠራና ወደ ባንኮኒው ሄደ።

መጀመሪያ የከዳቸው ጉልበታቸው ነው። ዓይነ ሜትር ከመስመሩ ላይ ሆኖ የሱሪያቸው ጫፍ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው ወደ አንድ ወገን ዘመመ። አራቱን እርምጃ እንዴት እንደጨረሳቸው አያውቅም። በብብታቸው ሥር ገብቶ ወገባቸውን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። አገጫቸው ትከሻው ላይ አረፈ። እጁም እግረ መንገዱን የለመደውን ሥራ ሠራ፤ ዳኛው በልኩ ቀን ከውስጥ ወፍራም ሹራብ ደርበው ኖሮ ወገባቸው ካርዱ ላይ ከሰፈረው በሁለት ጣት ይቀጥናል። ይህን እያሰበ ነበር፤ አጥብበዋለሁ እያለ። ዳኛው እንደዚያ ተደግፈውት፣ ትንፋሻቸው አንገቱን እየነካው፣ ስልኩን ጥሎ እየሮጠ ለመጣው ባለሱቅ እንዲህ አሉት፦

«ይሄኛው አይነካኝም ብለኸኝ ነበር እኮ።»

ዓይነ ሜትር የአገሩን ቋንቋ ገና እየተኮላተፈ ነበር፤ ይህን ለመረዳት ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል። የሰማውን ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ሞከረ፤ ሊያመቻቸው፣ ሊያቃናው፣ አጥሮ የተቆረጠ ጨርቅ ይመስል ወዲያም ወዲህም ሳበው። አልሆነም።

ባለሱቁ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደንቡን ያውቃል፣ ደንግጦ ነው» እያለ ከመጋረጃው ጀርባ ያንን የሎሚ ጠርሙስ ይዞ መጣ። የዓይነ ሜትር እጅ ያረፈበትን የኮቱን ቦታ እየለየ ረጨ፤ ብብቱን፣ ወገቡን፣ የእጅጌውን ጫፍ። ዓይነ ሜትር ጠርሙሱን አወቀው። ከዚያ ምን እየተደረገ እንደሆነ አወቀ።

«ልቀቃቸው» አለው ባለሱቁ።

«ብለቃቸው ይወድቃሉ።»

እውነቱን ነው። ዳኛው ክንዱን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘዋል። ይዘውትም ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዙረዋል፤ እንዳያዩት። ሦስቱም እንዲያ ሆነው ቆሙ። እኔም እስከዚህ ድረስ እኚህን ሰው አንቱ እያልኩ መጥቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን ይቅርታ ይደረግልኝና አንቱታዬን አንስቻለሁ። ዳኛው ወንበር እስኪመጣለት ድረስ የጥቁሩን ሰው ክንድ አልለቀቀም። ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ መሀረብ አወጣና መዳፉን ጠረገ።

ዓይነ ሜትር ወደ ኋላ ገባ። ተኳሹ ካውያውን ይዞ አንገቱን ደፍቷል። እሱም የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ ስድሳ የተጠጋው፣ ምሳውን ሲበላ ሁልጊዜ «እንብላ» በሚል ዓይነት ሳህኑን ጠጋ የሚያደርግለት ሰው። ከፊቱ ቀይ ክር የታሰረበት ኮት ተንጠልጥሏል።

«የእኔን ለምንድነው ሁለቴ የምትተኩሰው?» አለው ዓይነ ሜትር።

«ታዝዤ ነው።»

«ጥሩ ሥራ ስለሆነ አይደለም?»

ተኳሹ ካውያውን አቆመ። ቀና ብሎ ሲያየው ነገሩ ገባውና ፊቱ ተለወጠ። «ቀይ ክር ያንተ እጅ የነካው ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሳይጸዳ እንዳይወጣ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ሁላችንም የምታውቅ መስሎን፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚችለው እያልን እንደነቅ ነበር።»

ዓይነ ሜትር ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ተኳሹ፣ ሱሪ ሰፊው፣ ደንበኛው ሳይቀር፣ ሁሉም ያውቃል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ እሱ ሲኩራራ እነሱ ሲያዝኑለት ኖረዋል። ከስድቡ ይልቅ ይሄ ነው አንጀቱን የቆረጠው። ሱሪ ሰፊውን «ዓይን አልተሰጠው» እያለ ማዘኑ ትዝ ሲለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሸፍኖም እጁን አየው።

ቤት ሲደርስ እታለም ከጠዋት ፈረቃ ገብታ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራለች። አንድ ሳያስቀር ነገራት። እንድትደነግጥ፣ እንድትነሳ፣ እንድትሳደብ ጠበቀ። አልደነገጠችም። ያን ጊዜ የእሱ ድንጋጤ እንደ አዲስ ጀመረ።

«ታውቂ ነበር» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መስመሩን ሲለጥፍ። እኔ አይደለሁ የተረጎምኩልህ።»

«አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ እታለም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ?» አለች ውሃውን በእግሯ እያንቀሳቀሰች። «አውቶቡስ ውስጥ ለሚስትህ ስትነግራት ሰማሁህ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። ጥቂት ቀን ይደሰት አልኩ። ጥቂት ቀን እያልኩ ወር ሆነ፤ ወሩ ሲደራረብ ደግሞ አፌን ማን ይክፈትልኝ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

እሷ ቀጠለች። «እኔ በሁለት ጓንት ነው የማጥባቸው። አንዱን ለንጽሕና ሁላችንም እናደርጋለን። ሁለተኛው ለእኔ ብቻ ነው። አንዲት አሮጊት አለች፣ ልጆቿ ጥለዋት የሄዱ፤ ከእኔ በቀር የሚያጎርሳት የላትም። የማጎርስበትን እጅ ጓንት በየጠዋቱ ቆጥራ ነው የምትቀበለኝ፤ ሁለት መሆኑን።» ከዚያ እግሯን አውጥታ በፎጣ እያደረቀች ድምጿን አለዘበች። «አራት ሳምንት ነው የቀረህ፣ ወንድምዓለም። ዋጠው። ቀን እስኪያልፍ ያባትህ ባሪያ ይግዛህ ይባል የለ?»

ይህን ተረት ዓይነ ሜትር ራሱ ስንቴ ተርቶታል። አለቃ ለበደለው፣ አከራይ ላስመረረው፣ አማቱ ለጨቀጨቁት ሁሉ ሲያጽናና አውጥቶ የሚወረውረው ተረት ነው። ሰውም ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። ተረቱ ውስጥ ያለውን ባሪያ ግን አንድም ቀን ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር። ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ይሄ ሲተረት እሱ ጓዳ ሆኖ ይሰማ ነበር? ዛሬ የተረቱ ሌላኛው ወገን ሆኖ ሲሰማው ጆሮው ጭው አለበት። ለካ እኛም ቤት እንዲህ ይባላል አለ በሆዱ። ለእህቱ ግን «እሺ» አላት፤ ልጁን አስቦ።

ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ። የገባው ነገር የዓይነ ሜትርን ዓይን ያዘበት። መስመሩ ላይ ይቆማል፣ ደንበኛውን ያያል፣ የሚያየው ግን ደንበኛው እሱን እንዴት እንደሚያየው ነው። ለአንድ ወፍራም ነጋዴ የሰፋው ኮት ትከሻው በሦስት ጣት ሰፍቶ ተመለሰ። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ባለሱቁ «ምን ነካህ?» ሲለው «እንቅልፍ አጥቼ ነው» አለው። ደግሞም አጥቷል።

የሙከራው ዓመት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ባለሱቁ ጠራውና የቅጥሩን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋለት። ፊቱ ፈገግ ብሏል። ዓይነ ሜትር በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበ። የሥራ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ ሁሉም ደህና ነው። ቁጥር ዘጠኝ ላይ ጣቱ ቆመ። «ሠራተኛው የሱቁን ደንበኞች በእጁ አይነካም፤ ከተመደበለት መስመር አያልፍም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህን ሱሪ ሰፊው ፈርሟል?» አለ።

«እሱ ምን አገባው?» አለ ባለሱቁ ከልቡ ገርሞት። «ደንበኞቼ የማይወዱት የጥቁር እጅ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እነሱ ናቸው።» ከዚያ ወንድም ወንድሙን እንደሚመክር ጠጋ አለ፤ ጠጋ ሲልም አልነካውም። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ሌሎቹ ከበር ሲመልሱህ እኔ አስገባሁህ። ለአንተም ለእነሱም የሚሆን መላ ፈጠርኩ። ዓመት የኖርክበት ነገር ነው፤ አሁን ተጻፈ እንጂ ምን ተጨመረ? የዳኛው ነገር ስላስደነገጠኝ ነው፤ በጽሑፍ ካልሆነ ልቤ አያርፍም።»

«ቁጥር ዘጠኝ ይውጣልኝና አሁኑኑ ልፈርም።»

«ቁጥር ዘጠኝ ከወጣ ወረቀቱ የለም። ቤትህ ወስደህ አንብበው፤ ሰኞ ፈርመህ አምጣው።»

ዓይነ ሜትር ፊቱን መረመረው። ሰው ሲበድል ቢያንስ ዓይኑን ይሰብራል ብሎ ነበር የሚያምነው። በዚህ ሰውዬ ፊት ላይ ግን አንዲት የሐፍረት ምልክት የለችም። ውለታ የዋለ ሰው ፊት ነው። ዓይነ ሜትር ይህን ፊት እስከ ዛሬ ይዞት ይዞራል፤ ከዳኛው መሀረብ ይልቅ እሱ ነው የማይለቀው።

እሑድ እታለም ወረቀቱን መስኮቱ አጠገብ ይዛ አነበበች። ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። የፕላስቲክ ማህደር ይዛ ተመለሰች፤ ከውስጡ የወጣው ወረቀት ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። «ቁጥር አራትን አንብብ» አለችው።

«ሠራተኛዋ በሁለት ጓንት ትሠራለች፤ በነዋሪዎች ብርጭቆና ማንኪያ አትጠቀምም፤ በነዋሪዎች መጸዳጃ ቤት አትገባም» ይላል። ከታች የእህቱ ፊርማ አለ። የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ፊርማዋ ስሟን ሙሉ መጻፍ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ተለቅሞ ተቀምጧል።

«በዚህ ወረቀት ነው ቋሚ የሆንኩት» አለች። «በዚህ ወረቀት ነው አንተን ያስመጣሁህ። እኔም ያኔ አልፈርምም ብዬ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። ከዚያ ፈረምኩ፤ ፈርሜም አልሞትኩም። ፈርም፣ ወንድምዓለም።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እህቱ በየወሩ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው» ስትል ሰምቷታል። ለአውሮፕላን መሳፈሪያው፣ ለሶፋው፣ ለአራተኛው ፎቅ የተፈረመበትን ገና ዛሬ አየው። ሊቆጣት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከየት ይቆጣል? የእሷን እጅ ያዘና ጉልበቷ ላይ አቀርቅሮ አለቀሰ። እሷም ፀጉሩን እየነካካች «ተው፣ ተው በቃ» አለችው፤ ልጅ ሆኖ እንደምትለው።

ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣና ለልጁ ደወለ። ለሚስቱ ቢነግር እንደምታለቅስ ያውቃል፤ ልጅቱ ግን ነገሩ የሷም ነው። ከመስመሩ ጀምሮ እስከ ቁጥር ዘጠኝ፣ ስለ ቀይ ክሩም፣ ስለ አክስቷ ቁጥር አራትም፣ ሁሉንም ነገራት። ልትመጣ ስትል የአገሩን ቋንቋ ስትማር ቆይታለችና «ገጹን አንስተህ ላክልኝ» አለችው። ላከላት። ስታነብ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«እኔ ለጓደኞቼ አባቴ በዓይኑ ብቻ ነው የሚለካው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ከዚያ «አባዬ፣ እኔ ስመጣ የምፈርመው ስንተኛው ቁጥር ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ቀልድ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። መልሱን ሳትጠብቅ የፊርማውን ነገር በአንድ ቃል ቆረጠችለትና «ለማሚ እኔ እነግራታለሁ» ብላ ዘጋች። እሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ፤ ጎረቤቶች ሲወጡና ሲወርዱ እግሩን እየሰበሰበ ያሳልፋቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ አንደኛው መቆሚያዋ ላይ፣ ሁለተኛው ጨርቅ እየመረጠ። ዓይነ ሜትር በመጋረጃው ወጣ፤ መስመሩ ላይ አልቆመም። አለፈውና ባንኮኒው ድረስ ሄዶ ወረቀቱን ዘረጋ። መቆሚያዋ ላይ ያለው ደንበኛ ክንዱን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

«አልፈረምክም» አለ ባለሱቁ ፊርማው ቦታ ላይ እያየ።

«አልፈረምኩም። ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ኖሬበታለሁ፤ የእኔ ሞኝነት ነው፣ ለራሴ ትቼዋለሁ። አውቄ ግን ስሜን አላኖርበትም።» ቋንቋው እየተሰባበረ ነው የተናገረው፤ ድምፁ ግን ከፍ ያለ ነበርና ሁለቱም ደንበኞች ሰሙት። «የእነዚህን ሰዎች ልብስ ሁሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እጄ ያልደረሰበት ስፌት የለም። ብብታቸው ሥር ነው፣ አንገታቸው ላይ ነው። እሱን ለብሰው ልጅ ይድራሉ። እጄን እንዴት ነው የምትከለክሉት?»

ከመጋረጃው ጀርባ የካውያው ድምፅ ቆመ። ጨርቅ ይመርጥ የነበረው ደንበኛ የለበሰውን ኮት ኮሌታ ነካ አድርጎ እጁን አወረደ። ባለሱቁ አልተቆጣም። ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ጫፍ ከጫፍ ገጣጥሞ፣ ሌላ ሰው ሊሰማው በማይችል ዝግታ አንዲት ነገር ተናገረ። የት እንደሚያመው ያውቃል።

«እንግዲያው ልጅህ አትመጣም።»

«አትፈርም ያለችኝ እሷው ናት» አለው ዓይነ ሜትር።

መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፤ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው የራሱ ነው። ተኳሹ በሩን ያዘለት። ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት ሃያ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር።